ደግማ የማትጠይቀው ኤልሳቤጥ

በእኛ አገር «አይ» ማለት እምቢ ማለት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ ወይ ሕፃን ነው ወይ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ነው። እኛ እንተዋወቃለን። ሰው ቤት ሄደን ምግብ ሲቀርብ የመጀመሪያው «አይ» ሰላምታ ነው፣ እንደምን ዋላችሁ እንደማለት ያለ። ሁለተኛው «አይ» ጥሩ አሳዳጊ እንዳለን ማስረጃ ነው። ሦስተኛውን ስንል እጃችንን ልንታጠብ ተነሥተናል። በመጀመሪያው ጥሪ ዘው ብሎ ገበታ የሚቀርብ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። እኔ አልጽፈውም፤ እናንተም ቤት እንዲህ ያለ አንድ ዘመድ አይጠፋም።

እኔ በዚህ ሥርዓት ነው ያደግኩት። እማዬ ወደ ጎረቤት ስትልከኝ ከመልእክቱ በፊት የምትነግረኝ «ብዪ ካሉሽ በልቻለሁ በዪ» የሚለውን ነው። አንድ ጊዜ መልእክቱን ረስቼ ይቺን ብቻ ይዤ ሄጃለሁ። ቤቱ በበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ ታውዷል። ሴትየዋ «ነይ ቅመሺ» አሉኝ፤ «በልቻለሁ» አልኩ። ደገሙ፤ ደገምኩ። ሠለሱ፤ እኔ ግን ዓይናፋር ስለሆንኩ መቆሚያውን አላወቅኩትምና አሁንም «በልቻለሁ» አልኩ። አራተኛ አልጠየቁኝም። ለካ ልክ አለው። ሦስት ጨዋነት ነው፣ አራት ትዕቢት ነው። የእሸቱ ሽታ እስከ ቤታችን ድረስ ሸኝቶኝ ተመለሰ።

እንግዲህ ወደዚህ አገር ነው ኤልሳቤጥ የመጣችው።

የጫካ ቡና የሚያጠና አንድ ፕሮጀክት የፊት ለፊቱን ቤታችንን ለቢሮ ተከራየና እኛ ወደ ኋላው ሰርቪስ ገባን። አባዬ ራቅ ብሎ ደካ ስለሚያስተምርና መንገዱ በክረምት ጭቃ ስለሚሆን በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው፤ ስለዚህ ቤቱም ግቢውም የእማዬና የእኔ ነበር። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ከሆላንድ የመጣች ረጅም ሴት ናት። ስሟ ሊስቤት ነው። ከተማችን ቦንጋ በሁለተኛው ቀን ኤልሳቤጥ አላት፤ እሷም አልተቃወመችም። አዲስ አበባ ሦስት ወር አማርኛ ተምራለች፤ አማርኛዋ እንደ ዜና አንባቢ የጸዳ ነው። እማዬን እንኳ «እርስዎ» ነው የምትላት። ችግሩ ቋንቋችንን ተማረች እንጂ እኛን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላገኘችም።

እማዬን ለጽዳትና ለሻይ ቀጠረቻት። ውሉ የሦስት ወር ነው፤ ሦስት ወር ሲያልቅ ይታደሳል ወይ አይታደስም እየተባለ እንቅልፍ ይታጣል።

በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዘበኛው ጋሽ ገብሬ ወደ ኋላው ወጥ ቤት እየተቻኮሉ መጡ። ጋሽ ገብሬ አማርኛ ሲናገሩ እያንዳንዷን ቃል እንደ እንቁላል ቀስ አድርገው ነው የሚያስቀምጧት፤ ቤታቸው የሚናገሩት የከፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖ ነዋ። በዚያ ቀን ግን ሮጡባት።

«አየለች፣ ሴትየዋ ብቻዋን እየበላች ነው!»

«ምን?»

«ዳቦ በዳቦ።»

«ማባያውስ?»

«ማባያውም ዳቦ ነው አልኩሽ እኮ። በሁለቱ መካከል አንድ ቢጫ ነገር አለ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ።»

ፊቷን ወደ ኮምፒዩተሯ አዙራ፣ ከፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እያወጣች፣ ማንንም «እንብላ» ሳትል። እማዬ ጉንጯን ያዘች። ለብቻ የበላ ለብቻ ይሞታል ይባላል፤ ሴትየዋ ደግሞ ለሞት ገና ናት። ወዲያው ቆጮውን ቆረሰች፣ ጎመኑንና አይቡን ደረበች፣ ሳህኑን በሌላ ሳህን ከደነችና ይዛላት ሄደች።

ኤልሳቤጥ ሙልጭ አድርጋ በላች። በኋላ እንደነገረችን በእነሱ አገር ምግብ ማስተረፍ የሠራውን ሰው መናቅ ነው። በእኛ ደግሞ ሳህን ባዶ ሆነ ማለት አቅራቢው ሰሰተ ማለት ነው። ስለዚህ እማዬ ጨመረች። ኤልሳቤጥ እንዳትንቅ ጨረሰች። እማዬ እንዳትሰስት ጨመረች። ሁለት ጨዋ ሰዎች እንዲህ ሲገናኙ መሐል ገብቶ የሚገላግል ያስፈልጋል። አልነበረም። በሦስተኛው ሳህን ላይ ኤልሳቤጥ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ጣራ ጣራውን ታይ ነበር።

«አየለች፣ ገደልሻት» አሉ ጋሽ ገብሬ።

«ምን ላድርግ? እየጨረሰች እኮ ነው!»

የብስኩቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ረፋድ ላይ ሻይ ሲቀርብ ኤልሳቤጥ ከመሳቢያዋ የቆርቆሮ ሳጥን ታወጣለች። ክዳኑን ትከፍታለች፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ብስኩት ታዞራለች፣ ትከድናለች፣ ወደ መሳቢያው ትመልሳለች። አንድ ቀን ሹፌሩ ጋሽ ከድር ከቢታ ገነት መጡ። መኪናዋ ጭቃ ይዟት ቁርስ ሳይቀምሱ ነው የደረሱት። ሳጥኑ ፊታቸው ሲደርስ እንደ ወጉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አይ፣ ይቅርብኝ» አሉ። ኤልሳቤጥ «እሺ» አለችና አለፈቻቸው። ክዳኑ ቷ አለ።

ጋሽ ከድር የጅማ ሰው ናቸው፤ እንግዳ በመቀበልም እንግዳ በመሆንም አይታሙም። ወጥ ቤት መጥተው በርጩማው ላይ ዘፍ አሉ።

«እድሜ ልኬን ሰው አላመነኝም። ሚስቴ አላመነችኝም፣ ትራፊክ አላመነኝም። ዛሬ አንዲት ሴት አመነችኝ፤ ያመነችኝም በራበኝ ቀን ነው!»

ስስታም ናት እንዳትሉ። ጎረቤታችን ምጥ ሲይዛት መኪናዋን አስነሥታ ሆስፒታል ያደረሰቻት፣ እስክትወልድም በር ላይ የጠበቀቻት ኤልሳቤጥ ናት። ነገሩ ሌላ ነው። እማዬ አንድ ቀን ጨከን ብላ ለምን ሰውን አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትጠይቅ ጠየቀቻት። ኤልሳቤጥ ደነገጠች። እነሱ ዘንድ አንድ ሰው አይ ብሎ ደግመህ ከጠየቅከው ውሸታም አልከው ማለት ነው፤ ሰውን ማክበር ቃሉን ማመን ነው አለች። እስቲ አስቡት። እኛ ዘንድ ሰውን ማክበር ቃሉን አለማመን ነው። ሁለታችንም እንከባበራለን። ጦም የሚያድሩት ጋሽ ከድር ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። ሳቁ የቆመው የክበቡ ወሬ ሲመጣ ነው።

ፕሮጀክቱ ለሠራተኞቹና ከማንኪራም ከሌላውም ቀበሌ ለስብሰባ ለሚመጡት ገበሬዎች ምሳ የሚበሉበት ክበብ ሊከፍት ነው ተባለ። ከቢሮው ጎን ያለው ክፍል ተለቀለቀ፣ ምድጃ ተሠራለት፣ በሩ ቁልፍ ገባለት። ክበቡን የሚይዝ ሰው ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል። የሦስት ወር ውል የለም፣ ይታደሳል አይታደስም የለም። እማዬ ቀለሙ ሳይደርቅ ገብታ ክፍሉን በእርምጃዋ ስትለካ አይቻታለሁ። ትልቁ ድስት እዚህ፣ የሳህኑ መደርደሪያ እዚያ፣ የሰኞ ምሳ ምስር፣ የማክሰኞ ጎደሬ። የሰው ወጥ ቤት ስታጸዳ ለኖረች ሴት፣ ቁልፉ በራሷ ወገብ ላይ የሚንጠለጠል ወጥ ቤት ማለት ምን እንደሆነ እኔ ለማስረዳት አቅም የለኝም። እሷ ግን መራመጃዋ ሁሉ ተቀይሮ ነበር።

አንድ ዓርብ ኤልሳቤጥ አስጠራቻት። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ባዶ ትሪ ይዛ ተመለሰች።

«ጠየቀችኝ» አለች።

«እና?» አልኩ።

«ክበቡን መያዝ ይፈልጋሉ አለችኝ።»

«እና?»

«አይ፣ እኔ ምኑን አውቄው፣ የተማረ ሰው ይፈለግ እንጂ አልኳት።»

«እና?»

እማዬ ትሪውን ምድጃው ላይ አስቀመጠችው። «እሺ፣ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ አለችኝ።»

ማንም አልሳቀም። ይህ ብስኩት አይደለማ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገብሬ ይባስ ብለው መርዶ አመጡ። ኤልሳቤጥ በእግሯ ወጥታ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ካላቸው ከእትዬ ብርሃኔ ዘንድ ገብታ ስታነጋግራቸው በዓይናቸው አይተዋል። የእትዬ ብርሃኔን ጮርናቄ ቦንጋ ውስጥ የማያውቅ የለም። አለቀልን።

«አሁኑኑ ሂጂና እፈልጋለሁ በያት» አሉ ጋሽ ከድር። «ግምገማ ላይ እንዳለሽ ቁጠሪው። ተነሺና ተሳስቻለሁ በዪ፣ አለቀ።»

«አፌን ከፍቼ ስጪኝ ልበላት? ይሄማ ልመና ነው! ዝም አይነቅዝም።»

«አየለች፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።»

«ይቅራ! ደጃዝማች የነበረ ዘመድ የለኝም።»

ጋሽ ገብሬ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ቀስ አድርገው አስቀመጧት፤ «ሽማግሌ ይላክ።»

እንግዲህ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፤ ለተጣሉ ባልና ሚስት፣ ለድንበር፣ ለደም እንኳ ይላካል። «ሥራ ትፈልግ እንደሆነ ደግመሽ ጠይቂያት» ብሎ ሽማግሌ የላከ ሰው ግን ከእኛ በፊት ያለ አይመስለኝም። በዚያ ላይ ሽማግሌ የሚሆን ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ኃይሌ ተገኙ፤ ሁለተኛው ጋሽ ከድር፣ ሦስተኛው ራሳቸው ጋሽ ገብሬ ሆኑ። ከሦስቱ ሁለቱ የኤልሳቤጥ ደመወዝተኞች ናቸው።

ሽማግሌ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው እንጂ ከግቢ ውስጥ አይነሣም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ገብሬ የዘበኛ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ጋቢ ተውሰው፣ ከሁለቱ ጋር በር ወጡና አንኳኩ። በሩን የሚከፍተው እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ውጭ ናቸው። ትንሽ ጠበቁ። ደግመው አንኳኩ። እኔ ሄድኩ።

«ማነው?»

«እኛ ነን።»

«እናንተ እነማን?»

«ክፈቺ አንቺ ልጅ፣ አታላግጪ!»

ኤልሳቤጥ ሦስቱን ስታይ ብድግ አለች። «ጋሽ ገብሬ! በሩ ላይ ማን አለ?»

«እግዜር አለ» አሉ ጋሽ ገብሬ።

«ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም።»

«እሺ» አለችና ራሷ ተቀመጠች። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ካልተፈጸመለት እንደማይቀመጥ ማን ይንገራት? የመምህር ኃይሌ ጉልበት የሚያማቸው ነው፤ ወንበሩን በናፍቆት አዩት። ብስኩት አወጣች፤ አንቀምስም አሉ። ከደነችው። የጋሽ ከድር ዓይን ክዳኑን እስከ መሳቢያው ድረስ ተከተለው።

መምህር ኃይሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ሰው ልጅ አፈጣጠር ጀመሩ። ከዚያ ስለ ሰላም ተናገሩ፣ ስለ ሆላንድ ላሞችም ጥቂት ጨመሩ። በመጨረሻ «ልጄ፣ የመጣነው ለይቅርታ ነው» አሉ።

«ማን አጠፋ?»

«ማንም።»

ኤልሳቤጥ ደብተሯን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። «ይቅርታው ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እንዲያው አየለችን ደግመሽ እንድትጠይቂያት ነው» አሉ ጋሽ ገብሬ።

ፊቷ ቀላ። «እትዬ አየለች አይ ብለዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቃላቸውን አከብራለሁ።»

«እንዳታከብሪያት ነው እኮ የመጣነው!» አሉ ጋሽ ከድር።

«አልችልም። ደግሜ ብጠይቃቸው መጫን ይሆናል። እትዬ ብርሃኔንም ጠይቄ ነበር፤ እሳቸውም አይ አሉ። ሰኞ ከጅማ ሰው እንዲፈለግ እጽፋለሁ።»

እትዬ ብርሃኔም! ጋሽ ገብሬ መምህሩን አዩዋቸው፤ መምህሩ ጣራውን አዩ። ስለ እትዬ ብርሃኔ «አይ» ትርጉም ከሽማግሌዎቹ አንድም ትንፍሽ ያለ የለም። ሽማግሌም ቢሆን የሚወግንበት ሰው አለው።

እኔ በሩ ሥር ቆሜያለሁ፤ እማዬ ከበሩ በስተጀርባ ናት፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ከጅማ ሰው ይመጣል፣ ያንን ቁልፍ ይይዛል፣ እማዬም የእሱን ወለል ታጥባለች። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ ነኝ፤ አስተማሪዬ ስሜን የሚያውቀው ከስም መጥሪያው ላይ ነው። ያን ቀን ግን አፌ እኔን ሳያማክር ተከፈተ።

«እማዬ ክበቡን ትፈልገዋለች።»

ሁሉም ዞሩ። ከጀመርኩት አይቀር ብዬ ቀጠልኩ፤ «የድስቱን ቦታ እንኳ መርጣለች። ማክሰኞ ጎደሬ ነው።»

«ውይ፣ አዋረድሽኝ!» እማዬ በሩን ገፍታ ገባች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባዋለች። ኤልሳቤጥ ከእኔ ወደ እሷ አየችና በጣም ቀስ ብላ፣ ሰባራ ዕቃ እንደሚያነሣ ሰው፣ «እትዬ አየለች፣ እውነት ነው?» አለቻት።

«ኧረ ተዪ፣ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች።»

ሁለተኛው አይ። መምህር ኃይሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኤልሳቤጥ ልትተወው ነበር፤ አየኋት፣ «እሺ» ከንፈሯ ላይ ደርሷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳይነጋገሩ እኩል «እንዳትዪው» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁባት። ዋጠችውና «ይፈልጋሉ ወይ?» አለች።

እማዬ ወለሉን እያየች «እንግዲህ… እናንተ ካላችሁ…» አለች።

ይህ ሐረግ በአማርኛ ሊነገር የሚችል የመጨረሻው ከፍተኛ «አዎ» ነው። ኤልሳቤጥ የተማረችበት መጽሐፍ ውስጥ ግን አልነበረም መሰለኝ፤ ግራ ገብቷት ትጠብቃለች። የገባት ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ወንበር ላይ ዱብ ሲሉ ነው። መምህር ኃይሌማ ጉልበታቸውን ይዘው «እሰይ!» አሉ።

«አዎ ነው?» አለች ወደ እኔ ዞራ።

«አዎ ነው» አልኳት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ መናገሬ ነበር፤ ደክሞኛል።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሰኞ ጠዋት ውሉ ተተይቦ፣ እማዬ ልትፈርም ቆማ ሳለ፣ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ገብሬ ካፖርታቸውን መልሰው ለብሰዋል፤ ከፈቱ። ሦስት ሰዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። መሐል ያሉት የእድራችን ዳኛ ናቸው።

«ለምን ጉዳይ ነው?» አሉ ጋሽ ገብሬ።

«ለይቅርታ።»

«ማን አጠፋ?»

«ማንም።»

ጋሽ ገብሬ ረጅም ተነፈሱ። «ከብርሃኔ ነዋ። ይግቡ።»

ገቡ፣ ቆሙ፣ አንቀመጥም አሉ። የእድሩ ዳኛ የሰውን ልጅ አፈጣጠር ሊጀምሩ ሲሉ እማዬ ነገሩ ገባት፤ ይሉኝታዋም ከእሷ ቀድሞ ዘለለ። «ኧረ ብርሃኔ ትያዘው! እኔ ምን ልሁን ብዬ!»

የእድሩ ዳኛም ሰው ናቸው፤ ጨዋ ያሳደጋቸው ሰው። ሥራውን ሊጠይቁ መጥተው ሥራው እጃቸው ላይ ሲወድቅ አፋቸው እንደለመደው «አይ፣ አይ! አንቺ እያለሽ? አይሆንም!» አለ።

አንደኛው አይ መሆኑን ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ እናውቃለን። እማዬ ሁለተኛውን ግብዣ ልትደግም አፏን ከፍታለች። ሁለት ጊዜ ብትል፣ ሦስት ጊዜ ብትል፣ ክበቡ ሄደ።

ኤልሳቤጥ አንዴ ዳኛውን፣ አንዴ እማዬን አየች። ከዚያ ተነሥታ የዳኛውን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች። «በጣም አመሰግናለሁ። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ ቃልዎን አምናለሁ።» ለክበቡ የጠዋት ጮርናቄ ግን ከእትዬ ብርሃኔ ይገዛል አለች፤ ሽማግሌዎቹ ቢያንስ የሚቀመጡበት አገኙ። ቀጥሎ እስክሪብቶውን አነሣችና በእማዬ አፍ ትይዩ፣ ልክ እንደ ጉርሻ፣ ዘረጋችው። ጉርሻ ደግሞ አይመለስም።

እማዬ «አይ… ኧረ ይቅርብኝ… ኧረ በማርያም…» እያለች ፈረመች። ፊርማዋ ሲያምር።

አውቃ ነው ወይስ እንደ ልማዷ አምናቸው? ቦንጋ እስካሁን አልተስማማችበትም። የእድሩ ዳኛ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ገብሬ፣ እንዲያው ይቺ ሴትዮ ገብቷት ነው ሳይገባት?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር።

«እኔ ዘበኛ ነኝ፤ ምን አውቄ» አሉ ጋሽ ገብሬ።

ዳኛው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። አንድ ጊዜ ደግመው ቢጠይቋቸው ኖሮ ይነግሯቸው ነበር።